እጩ ጎማ

ማክሰኞ ከሰዓት፤ ፈረንጅ አራዳ።
ዝናቡ ቆርቆሮዬን ይደበድባል፣ ያለብኝ ይመስል የቆየ ዕዳ።
ሪሃና፣ የእህቴ ልጅ፣ በርጩማው ላይ ቁጢጥ ብላ፣
ስልኳን ከፍንጣሪው በሻሿ ጫፍ ከልላ፣
"አጎቴ፣ የዘንድሮ የጃዝ እጩዎች ወጡ" አለችኝ።
ካውያዬን አስቀመጥኩ።
ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ እኔን ማንም አላጨኝ፤
ስም ሲጠራ ግን፣ እንደ ተማሪ ቤት፣ "አቤት በል፣ አቤት በል" አለኝ።

ምርጥ ፒያኖ፤ አምስት ስም።
ሁለቱን ሰምቼ አላውቅም።
አንዱን፣ ማርሸትን፣ አውቀዋለሁ፤
በኖታ ብዛት እንደሚከፈለው ሰው
ዝም የሚባልበትን ቦታ ሁሉ የደፈነው።
"እሱ ከታጨማ የአዌቱ ጎርፍም ይታጭ!" አልኩኝ።
"ቅናት ነው" አለችኝ።
ቅናት ሳይሆን አይቀርም።

ምርጥ ድምፅ ላይ ሐረገወይን አለች፤
ለሷስ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።
መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ፣
ያለ ማይክ ስትዘፍን ሰምቻታለሁ፤
ከዚያ ወዲህ ማይክ በጠገንኩ ቁጥር ትንሽ አፍራለሁ።

"ቤዝስ?"
"ቤዝ የለም፤ ዘርፍ አልተሰጠውም።"
ይሁና። መሠረትን ማን ያየዋል፣ ቤቱ ካልፈረሰ?
ወልደሰንበት ትዝ አለኝ፣
በአራት ክር ሙሉ ጭፈራ ቤት በትከሻው ያዘለው፤
ዛሬ በአጋሮ መንገድ አይሱዙ ይነዳል፤
ሞተሩ ሲያጉረመርም በምን ቅኝት እንደሆነ ያውቃል።

"ምርጥ ሳክስፎን..." አለች፤ ጣቷ ስልኩ ላይ ቆመ።
"አጎቴ፣ ሙዘይን አባ ፊጣ!"
ሙዘይን! የመንደራው!
አምና በሰኔ ይቺ ደፍ ላይ የቆመው፣
ሳክሱን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ፣
"አንዷ ቁልፍ ትንፋሽ ታሾልካለች፤ ነገ ለአልበም ቀረጻ እሄዳለሁ" ብሎ።
የቆዳ ፓድ ከየት ይመጣል?
ከባጃጅ ካላማዳሪያ ክብ ቆርጬ፣
በጫማ ማስቲሽ ለጠፍኩለት።
"እስክትመለስ ብቻ" አልኩት።
አልተመለሰም።
ሃምሳ ብሩንም አልከፈለም።

ሪሃና ዜማውን ከፈተችው።
ሰው ዜማ ይሰማል፤ እኔ ጎማዬን ፈለግኳት።
ሁለተኛው ደቂቃ ላይ፣ ከሶል ወደ ላ ሊሻገር ሲል፣ አገኘኋት፤
ታመነታለች፣
ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ የጅሬንን ዳገት ሲጀምር እንደሚያመነታው፣
ከዚያ ትለቃለች፤
ከድምፁ በፊት ትንሽ ትንፋሽ ትቀድማለች፣
ሊናገር ብሎ እንደተወው ሰው።

"የዳኞቹን ቃል ስሚ... ስማ" አለች እየተሳሳተች፣
"'ከማንም ያልተዋሰው፣ ያ የሚያመነታ አነፋፉ' ይላል።"
ከማንም ያልተዋሰው!
ሃምሳ ብር አለበት!

ልናደድ ፈልጌ ነበር፤ አፌ ግን ፈገግ አለብኝ።
መታጨት መዳር አይደለም፣ ይሉ ነበር እናቴ፤
ስንት የታጨች ቀረች፣ ስንት ያልታጨች ወለደች።
ባያሸንፍ፣ ያው ነው፤ ማርሸት ይወስደዋል ሌላውን ዘርፍ።
ቢያሸንፍስ?
ገንዘብ ያገኛል፤ ሳክሱን ለባለሙያ ይሰጣል፤
ባለሙያው ይስቃል፤ ጎማዬን በጥፍሩ ይነቅላታል፣
አዲስ ቆዳ፣ ንጹሕ ድምፅ፣
ያቺ ትንፋሽ...

"ጻፊለት" አልኳት፤ "እንኳን ደስ አለህ በይው።"
"ሃምሳውንስ?"
"ተይው።
ጎማዋን እንዳያስነቅላት ብቻ ንገሪው።"

ጻፈች። መልስ አልመጣም። መብራት ጠፋ።
ዝናቡ ከፒያኖው ሰውዬ በተሻለ ዝም ማለት ጀመረ።
አንድ ልጅ ባጃጁን እየገፋ፣ የኋላ እግሩ ተንፍሶበት፣ በሬ ላይ ቆመ፤
"ጋሼ፣ አሮጌ ካላማዳሪያ አታጣም?"
"ነበረችኝ" አልኩት፣
"አሁን ታጭታለች።"