የውሃ ሽታ

ቴን ካኤያ ደብተር አለው፣ ልባሱ ያለቀ፣
የዓሣ ዘይት የጠጣ፣ ስፌቱ የለቀቀ።
ከጭነት ጀልባ ወርጄ፣ ጉልበቴ ገና ሲርድ፣
ሻንጣዬ ሙሉ ጠርሙስ፣ አንገቴ ላይ የሱቫ ዩኒቨርሲቲ ካርድ፣
እጄን ሳይጨብጠኝ ደብተሩን ገለጠ፣
የስም ዝርዝሩን በጣቱ እየረገጠ፦

«ይህ ኮራል ሊቆጥር መጣ፣ ያኔ ጥቁር ነበር ጸጉሬ፤
ይህቺ ደማችንን ቀዳች፤ ይህኛው ነቀለ ጎደሬ፤
እኚህ ባልና ሚስት የአያቴን ተረት በካሴት።
ሁሉም ‹እንመለሳለን› አሉ፣ ወንድ ሳይል ሴት፤
ቀዱና፣ ቆፈሩና፣ በመጡበት ጀልባ ሄዱ፣
የውሃ ሽታ ሆኑ። እንዲህ ነው ልማዱ።
አንቺስ ምን ልትወስጂ ነው?»
«ውሃ» አልኩት። ሳቀ፤
ያኔ አየሁ፣ የፊት ጥርሱ እንደወለቀ።
«ፕረሚላ። ውሃ።» ብሎ ከሁሉ በታች ጻፈ፣
ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጎጠና አለፈ።

ደሴቷ ቀጭን ናት፤ ወዲህ ሲሉ ባሕር፣ ወዲያ ሲሉ ባሕር።
ከአሸዋዋ ሥር ግን ዝናብ ተኝቷል፣ እንደ ምስር ፍሬ፣
መሐሉ ወፈር፣ ጠርዙ ሳሳ ብሎ፣ በጨው ላይ ተንሳፍፎ፤
እሱን ነው የሚጠጡት፣ ሰውም ጎደሬውም፣ ከጥንት እስከ ዛሬ።
ስድስት ጉድጓድ ለካሁ። ሦስተኛው ላይ ቁጥሩ ዘለለ፤
ማሽኑን ጠረጠርኩ። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት።
ጨው ሆይ፣ ሌላው ሰው ሲመክርህ «ለራስህ ስትል ጣፍጥ» አለ፤
እኔ ግን «ለነዚህ ስትል አትጣፍጥ» አልኩት፤
ጣፍጦ አገኘሁት።

ሱቫ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ የአሥራ ሁለት አገር ውሃ
ባንድ ማቀዝቀዣ ያድራል።
ሰሚሲ የቶንጋው፣ ሌይሳሌ የቫኑዋቱ፣ እኔ የሸንኮራ ገበሬ ልጅ፣
ያንኑ አሮጌ ማሽን እንረግማለን፤ ቋንቋው ነው ሦስት፣ እርግማኑስ አንድ ነው እንጅ።
ጽሑፉ ታተመ። ኬክ ተቆረሰ።
«የመሄጃ እንጂ የመመለሻ በጀት የለም» ተባለ፤ ፋይሉ ተመለሰ።
የዓመት ፈቃዴን ይዤ፣ ሩዝ በጫነ መርከብ ተሳፈርኩ፤
ከጆንያው ጋር አብሬ ስድስት ቀን ተንገዋለልኩ።

በሰፈሩ አዳራሽ፣ በማኔባው፣ ሕዝቡ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣
ነገርኳቸው ሳልሸሽግ፣ ድምጼ ተቆራርጦ፦
ሦስተኛው ጉድጓድ ለሕጻን አይሆንም።
የምዕራቡ ጎደሬ ጥቂት ዓመት ቀርቶታል።
ደህናው ውሃ ያለው መሐል ላይ ነው፣ ምስሩ በወፈረበት፣
ከመቃብሩ ሥር።

ኔይ ሮቲያ «ልጄ እዚያ ነው» አለች። ሌላ አልተናገረች።
የጣሪያውን ቅጠል ነፋስ አንኮሻኮሸው።
ለዚህ ግራፍ አልነበረኝም።

ቴን ካኤያ ደብተሩን አወጣ፤ ስሜን ፈልጎ አገኘ።
«ተመለሰች» ብሎ ሊጽፍ ቦታ አጣ፤
እንዲህ ያለ ዓምድ ደብተሩ አያውቅም ነበር።
ጥናቴን ከእጄ ወሰደ፣ ሰማንያ ገጽ፣ ሽፋኑ ጠንካራ፣
ጠርዙን እንደ ማስመሪያ ገጹ ላይ አጋድሞ
አዲስ መስመር አሰመረ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ።