ፈቃድ

እኔ መንጃ ፈቃድ አለኝ፤
ሦስተኛ፣ ከነፎቶው፣ ሁለት ጊዜ የታደሰ።
ደም ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ይኸው ሃያ ዓመት ደረሰ፤
ሆኖም ጋቢና ስገባ ማነህ ባይ የለብኝም።

አኽበረት ፈቃድ የላትም።
ካርቱም ላይ ስድስት ዓመት፣ በአምቡላንስ ኋላ ወንበር፣
ያንቀላፋ ልብ ስትቀሰቅስ፣ የፈሰሰ ደም ስትገድብ ነበር።
ከዚያ በፊት ከሰንዓፈ ወጥታ፣ በእግሯ እስከ ከሰላ፤
ከዚያ ወዲህ ደግሞ መተማ፣ ካርቱም በእሳት ሲበላ።
አሁን ደብረ ሲና ናት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
የአልጋ ቤት አንሶላ ስታጥብ፣ ስታሰጣ፣ ስታስገባ።

አንድ ማክሰኞ ደብረ ብርሃን ወረድን፣ ማመልከቻዋን ይዘን፤
ሰውየው ክፉ አይደለም፣ እንዲያውም ሻይ ጋበዘን።
«የሙያ ፈቃድ ለማውጣት የመኖሪያ ፈቃድ ይቅደም፤
የመኖሪያውን የምንሰጥ ደግሞ እኛ አይደለንም።
የሥራ ፈቃድም እንደዚሁ የራሱ ቢሮ አለው፤
የሚፈርመው ሰው ግን
የዓመት ፈቃድ ላይ ነው።»

የስደተኛ ወረቀቷን አየ፤ ጊዜው በሦስት ወር አልፎበታል።
«መሸኛስ፣ ከቀድሞው መሥሪያ ቤት?»
አማርኛዋ ገና ነው፤ ቃሉ ጠፋት፣ ዞር ብላ አየችኝ።
ሸኚ ማለት፣ አልኳት፣ ሲሄዱ ከበር የሚያደርስ።
«እሱማ ሸኝቶናል» አለች፣ «ሌሊቱን ሙሉ ሲተኩስ።»

ሰውየው ስኳሩን አማሰለ፤
ሟምቶ ካለቀ በኋላም አማሰለ።

ኅዳር ሲጋመስ፣ ጉም ጣርማበርን በዋጠበት ሌሊት፣
ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ፣ የመጣ ከሸዋ ሮቢት፣
ከዋሻው በታች ካለው ጥምዝ ላይ ሚኒባስ ገጨ።
ስልኬ ጮኸ። ባለሙያችን የለም፤
በሌላኛው መኪና ምጥ የጠናባትን ይዞ ሄዷል።
የአልጋ ቤቱን በር ደበደብኩ።
«ስንት ሰው?» አለች።
«ለምን እኔ?» አላለችም።

ስንደርስ ሽንኩርቱ ገና ወደ ገደሉ ይንከባለላል፤
ሰዉ ባትሪ አብርቶ ይጯጯኻል፣ ሳብ ይላል፣ አንሳ ይላል።
«አትንኩት!» ያለችው በትግርኛ ይሁን በዐረብኛ
እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ሁሉም ግን እጁን ሰበሰበ።
የአሥር ዓመት ልጅ ነው። አንገቱን በጉልበቶቿ መሃል ያዘች፤
ሻሿን ፈትታ አሰረችለት፣ የአይሱዙውን ሳንቃ አስነቅላ
አልጋ አደረገችው።

ዋሻው ውስጥ ስንገባ ሬዲዮኑ ሞተ፣ ድምፅዋ ብቻ ቀረ፤
ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ፤ መዳፏ ደረቱ ላይ እየቆጠረ።
ሓደ፣ ክልተ፣ ሰለስተ፤
መሪውን እንደያዝኩ እኔም አብሬ ቆጠርኩ፣
ጉም መኖሩን ረሳሁ።
ደጋውን ስንይዝ ልጁ አሳለ።

ሆስፒታሉ ሊታይ ሲል «አውርደኝ» አለች።
«እዚህ?»
«እዚሁ። ዘበኛው መታወቂያ ይጠይቃል።»
የደብረ ብርሃንን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል፤
እሷ በሹራብ ብቻ፣ ሻሿ የልጁ አንገት ላይ ሆኖ፣
እጇን ብብቷ ከታ ስትቆም በመስታወቱ አየኋት።

ቅጹ «ያጀበው ባለሙያ» ይላል፤ «የፈቃድ ቁጥር» ይላል።
የመንጃ ፈቃዴን ቁጥር ጻፍኩበት። ማን ያያል?
ዶክተሩ ሻሹን ፈትቶ፣ ቋጠሮውን ደግሞ ደጋግሞ አይቶ፣
«ይህን ያሰረ ማነው?» አለኝ።
«እግዜር ፈቅዶ ነው» አልኩት።
ውሸት አልነበረም፤
እስካሁን የፈቀደላት እሱ ብቻ ነው።

በጥር የልጁ አባት ከሞላሌ መጣ፣ ጠቦት እየጎተተ።
ጤና ጣቢያው መዝገቡን ገለጠ፣ በጣቱ ወርዶ ወጣ፤
«እንዲህ የምትባል ሠራተኛ የለችንም።»
ይዤው ወደ አልጋ ቤቱ ጓሮ ዞርኩ።
አንሶላው ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ ከጉሙ አይለይም፤
ጠቦቱ አንዱን ጫፍ ማኘክ ጀመረ።
«የታለች?» አለ ሰውየው፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ነጩን እያየ።

ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው አንሶላ እያጠፈ ይቆጥራል፤
ሓደ፣
ክልተ፣