ተራ አስከባሪው

ስሙ እንየው ነው። ሦስት ወንድ ቀብራ እናታችን፣
«ይኼንን እንኳ እንየው» ብላ ነው፣ በስለት ያገኘችልን።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከፒያሳ ወደ አዘዞ፣
ደብተሩን በብብቱ፣ እስክርቢቶ በጆሮው ይዞ፣
«አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ሲል ድምፁ እስኪሻክር፣
ነፍሰ ጡር ሲያስቀድም፣ ጉልበተኛ ሲመክር፣
ሲሞላም የታክሲውን ጎን ሁለቴ መታ አድርጎ
«ሞልቷል! ንዳው!» ሲል ኖረ፣ የሰውን ተራ ጠብቆ።

ከዚያ አንድ ነሐሴ፣ ዝናብ መንገዱን ባዶ ሲያደርገው፣
ማንም ካልተቀመጠበት ወንበር ጋር በመልስ ሲጨቃጨቅ አገኘነው።

እትዬ ዝማም «የሰው እጅ ነው» አሉ፣ «ዓይነ ጥላ አለበት»፤
አጎቴ «ጫት ነው» አለ፣ «ቦዝኖ ነው፤ ሚስት ፈልጉለት»።
እናቴ ምንም አላለች። ሰንሰለት ገዛች።
ዋጋውን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ሁለት ሱባዔ ጠበል ገባን። አጥማቂው ለብቻዬ ጠርተው
«ጠበሉንም ሐኪሙንም፣ ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሐኪሙንም! በምን ልውሰደው? ሲያሰልፋቸው የኖሩት ልጆች ሁሉ
«መስታወት ቢሰብርብኝስ?» እያሉ ባጃጃቸውን ይነዳሉ።
ውብነህ ብቻ ቆመ፤ የሦስት ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ፣
የእኔን፣ የእሱን፣ ሦስተኛው የፍርሃቱ መሰለኝ።

ሳይነጋ በር ላይ ደርሰን ሠላሳ ሰባተኛ ሆንን፤
ከጭልጋ፣ ከደምቢያ፣ ከደባርቅ አዳሪው ቀድሞን።
አንድ አባት ልጃቸውን በገመድ ከራሳቸው ወገብ አስረው
ገመዱን፣ ሰው እንዳያይ፣ በጋቢያቸው ሸፍነው።

መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ቀና አላለችም።
«መድኑ ታድሷል?»
አልታደሰም።
«የቀበሌ ደብዳቤ?»
ማኅተም ያዡ ለቅሶ ሄዷል፤ ማክሰኞ ይመለሳል።
«እንግዲያ ከፍላችሁ ግቡ።»
ከፈልሁ። ለኪኒኑ የያዝሁት ነበር።

ኮሪደሩ ላይ፣ አራት ሰዓት ሲሆን፣ እንየው ድንገት ተነሣ።
ያዝሁት፤ እጄን በቀስታ ከእጅጌው ላይ አነሣ።
«መስመር ያዙ እንጂ! እማማ፣ እርስዎ ወደዚህ ይቅረቡ!
አንተ ባለ ኮፍያ፣ አትግፋ! ሕፃን የያዙ ይግቡ!»
ዘበኛው ዱላውን ጨበጠ። ግን ሰልፉ፣ ኧረ በለው፣ ቀና።
ስምንት ወር ሙሉ የናፈቅሁት ሰው መጣና
አባትየውን ክንዳቸውን ደግፎ፣ ገመዱን እንዳላየ፣
«አባባ፣ ተራዎ ነው» አለ። በሩን ከፈተላቸው።
የደባርቋን ሴት አሳለፈ። ባለ ኮፍያውንም።
ሁሉንም አሳለፈ፤ ራሱን ብቻ አልቆጠረውም።

ነርሷ ካርድ አንሥታ «እንየው!» ብላ ስትጣራ
«ማንን?» አለ አንዱ፤ ሰው ሳቀ፤ የእኔም ጥርስ አብሮ ተሳሳተ።
ስሙ ነው እኮ፣ ወገኖቼ። ግን ልመናዬም ነው።
«ገና ሰው አለ» አላት እንየው፣ ሌላ አሮጊት እየመራ።

ስድስት ሰዓት ላይ ያ አንድ ለእናቱ ሐኪም ጋዋኑን አወለቀ።
ነርሷ ወጣች፦ «የዛሬው ሞልቷል። ሐሙስ ኑ።»
ወንድሜ የተዘጋውን በር በመዳፉ ሁለቴ መታ አድርጎ
«ሞልቷል! ንዳው!»
አለ። ፊቱ፣ ደህና ሒሳብ እንደ ገባበት ማምሻ፣ ፈክቶ ነበር።

እናቴን ምን ልበላት?
ዛሬ ገና ሰኞ ነው። ቁልፉ በነጠላዬ ጫፍ ተቋጥሯል።
መብራት ጠፍቷል። ከጓዳ ሰንሰለቱ ይንኳኳል፣
ከሰንሰለቱ በላይ ያ የሻከረ ድምፁ፦
«አንድ ሰው!...
አንድ ሰው የቀረው!»