ይችላል

ከዚራ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣
አሥራ አንድ ወንበር አለኝ፣ አንድ በር የሚያስገባ።
ወይንሸት ነው ስሜ፤ እናቴ ስታወጣው
ይህን ንግድ አስባ አይደለም፤ እንዲያው ነው የመጣው።
ድሬ ሲመሽ አይበርድም፤ ግድግዳው ቀን የጠጣውን
ሌሊቱን ሙሉ ይተፋል፣ ያን ያደረ ትኩሳቱን።

ዘርጋው ግን አይተፋም። ምላሱ አይተሳሰር፣
የአይሱዙው ቁልፍ በጣቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ሲዞር፣
አሥራ ሁለት ቆርኪ ቆጥሬ ከፊቱ ሳነሣ
ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ሒሳቡን እንኳ ሳይረሳ።
"ይችላል" ይሉታል። ጎረምሶቹ ሲያዩት
እንደ ዳኛ አክብረው መንገድ ሲለቁለት፣
እኔም ኮርቻለሁ፤ ምን ልዋሽ፣ ለማን ብዬ፤
"የኔ ደንበኛ አይሰክርም" ስል ኖሬአለሁ ምዬ።
በሦስት የሚያለቅሰው፣ በአራት የሚደባደብ፣
ቱቦ ውስጥ የሚያድረው፣ እሱ ነበር የሚያሳስብ።

አንድ ማታ ደንገጎ ላይ፣ ከጠመዝማዛው አናት፣
ፖሊስ አስቆመና "ንፋ" አለው፣ ትንሽ ሣጥን ዘርግቶለት።
ነፋ። ቁጥር ወጣ። ፖሊሱ አየው፤ ደግሞ አየው፤
"ተበላሽቷል" ብሎ ሣጥኑን መታ መታ አደረገው።
ደግሞ ነፋ። ያው ቁጥር፦ ዜሮ ነጥብ ሃያ ስምንት።
"ወንድሜ፣ በዚህ ልክ ሰው ይወድቃል፤ አንተ በምን ቆምክበት?"

መንጃ ፈቃዱን ተቀምቶ መጣና ሲያወራልን
ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። "ማሽኑን አሰከረው!" አልን።
ሙክታር ብቻ አልሳቀም፣ የሆስፒታሉ ላብራቶሪ ልጅ፣
ኳስ ሊያይ እንጂ የማይመጣ፣ ለስላሳ ብቻ የሚወዳጅ።
"ደሙ እኮ" አለ፣ "ከናንተ ደም በምንም አይለይም።
የለመደው አንጎሉ ነው፤ ጉበቱ ይቅር አይልም።
ስካር ማለት ደወል ነው፤ እሱ ደወሉን ነቅሏል፤
ቤቱ ሲቃጠል ሰምቶ ማን ውኃ ይዞ ይደርሳል?
ምላሱ አይኮላተፍ እንጂ፣ ፍሬን ላይ እግሩ ዘግይቷል።
ደቻቱን አታውቁትም? አሸዋው ደርቆ እያለ፣
ልጆች ኳስ እየመቱበት፣ ላይ ደጋው ዘንቦ ከዋለ
ጎርፉ ተነሥቷል፤ መንገድ ላይ ነው።"
                                        ዝም አልን።
ከዚያ ጎል ገባና ረሳን።

ዘርጋው ግን አልረሳም። የጾሙ ዋዜማ ዕለት
"እስከ ፋሲካ አልነካም" ብሎ ማለ፤ ደስ አለኝ በእውነት፤
ስለ ሽያጩ ትንሽ ከፋኝ፤ ይህንንም ልናገር።
በሦስተኛው ቀን መጣ። እጁ ቁልፉን አይጨብጥም ነበር።
ላቡ ሸሚዙን አጥቦት፣ ዐይኑ ከኔ በላይ አልፎ፣
"ወይንሸት ተነሺ! ሐዲዱ ላይ ነሽ!" አለኝ፣ ጠረጴዛዬን አቅፎ።
ስንት ዓመቱ የቆመው፣ የዛገው አሮጌ ባቡር
በጓዳዬ በኩል መጥቶ ወንበሬን ሊያፈርስ ነበር።
አንዷ "ጋኔን ነው" አለች፤ ሌላው "ጠበል ውሰዱት"፤
አንድ ወዳጁ ብርጭቆ ይዞ፣ "ኧረ እባካችሁ አንድ ስጡት"።
ሙክታርን ጠራሁ። በባጃጅ፣ ጭንቅላቱን በጭኔ ይዤ፣
እሱ ሲንዘፈዘፍ፣ እኔ ደርቄ፣ ፈዝዤ።
ሐኪሟ አለችኝ፦ "ይህን ያህል የለመደ በሐኪም እጅ ነው የሚተው፤
በአንድ ቀን ቁርጥ ማድረጉ ነው አሁን ሊገድለው የነበረው።"

ተረፈ። ከስቷል። በበሬ ሲያልፍ እጁን ያነሣል፤ አይገባም።
የጥጉ ወንበር ባዶ ናት፤ ሌላ ሰው አላስቀምጥባትም።
እኔ ቆርኪ እንጂ ደም መቁጠር መቼ አውቅ ኖሯል?
መቻሉን ሳወድስ ስኖር፣ ማን ማንን ችሏል?

ትናንት ሊመሽ ሲል አንድ ልጅ፣ ጢሙ ገና ያልጠነከረ፣
ዘጠኝ ጠጥቶ ቀጥ ብሎ ሲነሣ፣ ጓደኛው "ይችላል!" ሲል ጀመረ።
ሒሳቡን ሳልቀበል ወጣሁ፣ እስከ ድልድዩ ድረስ።
ደቻቱ ደረቅ ነው። ልጆች ኳስ ይመታሉ።
አሸዋው ገና ይሞቃል፣ በእጅ ሲዳሰስ።
ደንገጎ ላይ ደመና አለ።