እስከ ዐሥር

«ምንድን ነው ትምህርትሽ?» አለኝ ያክስቴ ባል፤
«ንግግር» ስለው ጊዜ፣ ሳቁ መች ይቻላል!
«አፍሽ እንዲያርፍ ብለን ስንት ደብር ስንሳል፣
ጭራሽ መንግሥት በጀት ይዞ መናገር ያስተምርሻል?»

እውነቱን ነው እሱስ።
ሁለት ክረምት ሙሉ፣ በሚኒባስ በር ላይ፣ ባንድ እግሬ ቆሜ፣
«ዓባይ ማዶ! ማዶ! አንድ ሰው የቀረው!» ስል ነበር ከርሜ፤
ድምፄ እንደ ዛገ በር ሲጢጥ እያለብኝ፣
ሂሳብ የደበቀ፣ ከምላሴ ሮጦ፣ ወዴት ሊያመልጠኝ!
ሰው ቃሉን ሳይጨርስ መልሱ አፌ ላይ ነው፤
«ወራጅ» የሚለውን ገና ከ«ወ» ላይ ነበር የማወርደው።

መምህርት ስመኝ ግን፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ጠመኔም አልነካች፤
መስታወት አደለች፤
«ክፈቱ» አለችን፣ አፏን እያሳየች።
ሃያ ዘጠኝ ተማሪ የገዛ ላንቃውን ቀና ብሎ ሲያይ፣
ለካ ሰው ያረጃል የጓዳውን ጣራ አንድም ቀን ሳያይ።
«መ» በአፍንጫ ትወጣለች፣ ከንፈር በሩን ዘግቶ፤
«ቀ» ትፈነዳለች፣ ጉሮሮ ተቆልፎ፣ ምላስ ኋላ ሸሽቶ፤
«ጰ» ግን እንቢ አለችኝ። ከንፈሬ ላይ ሆና እንደ ሊጥ ትሟሽሻለች፤
«ጰ፣ ጰ፣ ጰ» ስል ባድር፣ የዶርሜ ልጅ ውባንቺ ትራስ ወረወረች።

የነርቭ ፈተናው፦ ከሠላሳ ዐሥራ አንድ።
ከዐሥራ ሁለቱ መሃል፣ ምላስን 'ሚያዘውን፣ እሱን ልርሳው በግድ?

በሚያዝያ መጨረሻ፣ «ለመታዘብ ብቻ» ተብለን ገባን፣
እጅጌው የሚውጠን ነጭ ጋዋን ለብሰን፣ ተውሰን አምጥተን።
አያ ውድነህ ይባላል። የሽንብጥ ሰው፤ ታንኳ ሠሪ ነበር።
ባንድ ሌሊት፣ ራሱ ውስጥ፣ ደም ሥር ተዘግቶ፣ ቀኝ ጎኑ ሲሰበር፣
ስንት ዘመን ሙሉ የቀዘፈበት ቃል ሰጠመ ባንዳፍታ፤
«ውሃ» ብቻ ቀረች፣ ከላይ ተንሳፍታ።

ለሚስቱ «ውሃ» ይላል፣ ለስልሶ፣ ሊያባብላት፤
ግፊቱን ለምትለካው ነርስ «ውሃ!» ነው፤ ስድብ መሆኑ አይጠፋት።

ካርዱን ዘረጋሁ። ካርዱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፦
ባርኔጣ የደፋ፣ ካሮት አፍንጫ ያለው፣ የበረዶ ሰው።
«አባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»
ስመኝ አስጠንቅቃለች፦ «ቃል አታቀብሉ፤ እስከ ዐሥር ቁጠሩ።»
ምላሴን ነክሼ፣ አንድ፣ ሁለት አልኩኝ፤ ስድስት ላይ ከንፈሮቹ ዞሩ፤
«ውሃ።»
«ስሕተት» በሚለው ሣጥን ኤክስ አሰፈርኩ።
ማታ በባጃጅ፣ በዘንባባው ሥር ሳልፍ፣ ትዝ ብሎኝ ደነገጥኩ፦
በረዶ ሌላ ምንድን ነው?

ዓርብ ለት፣ ሳላስፈቅድ፣ ከሐይቁ ዳር ደንገል ይዤ ሄድኩ፣ ደረቅ፣ አንድ እቅፍ።
በግራው ተቀበለ፤ መዘነው፤ አሸተተው፤ ዐይኑ ሄደ ወደ ደጃፍ።
ቀኝ እጁ አልታዘዝ ሲል፣ ሚስቱ አንጓች ጫፉን ያዘች፤
ሊያጥፋት ሲል ደንገሏ ቀጭ አለች።
«ውሃ» አለ አያ ውድነህ።
ኤክሱን ጽፌ ጨርሻለሁ፣ እጄ እንደ አፌ ነው፣ መቆጠብ አያውቅም፤
አንጓች ወደኔ ሳትዞር፦ «ደርቋል'ኮ» አለችኝ፣ «ካልራሰ አይታጠፍም።»

ቆጠርኩ። ዐሥር አለፈ። ዐሥራ አንድ። ዐሥራ ሁለት።
ያቺ የተሰደበች ነርስ በሳህን ውሃ አመጣችለት።
ወደ ውባንቺ ዞሬ «ላጲስ አለሽ?» አልኳት፤
«ጲ» ጧ ብላ ወጣች፣ እኔ እንኳን ሳልሰማት፤
ሰምታ የሳቀችው ውባንቺ ናት።

የዛሬውን ፋቅሁ። ገጹን መለስ አድርጌ የበረዶውንም።
ወረቀቱ ሳሳ፤ ባንድ በኩል ተቀደደ፤
ስመኝ አየችው፣ ምንም አላለችም።