የደለል መስመር

ከዚራ፣ ከጣቢያው ጀርባ፣ ጆንያ ላይ ዘርግቶ፣
ሮብሌ መጽሐፍ ይሸጣል፣ ዋጋውን በዓይን ገምቶ።
ጫት ይመዝንበት የነበር ሚዛኑ ግን አሁንም አለ፤
ወፍራም መጽሐፍ ሲያጋጥመው፣ "ይህስ በኪሎ ነው" አለ።

ሁለት መቶ ብር አለችኝ፣ ለአንድ እንጂ ለሁለት የማትበቃ፤
በቀኜ የቆፋሪዎች፦ አመድ፣ አጥንት፣ የሸክላ ዕቃ።
ሐርላ ላይ ከአንድ ጉድጓድ የወጣች ቀይ ዶቃ ሥዕል አላት፤
ቁጥር አላት፣ ክብደት አላት፣ እስከ ተኛችበት ጥልቀት።

በግራዬ የሰዎቹ፦ ዝምድና፣ ጥሎሽ፣ የአማች ወግ፣
የደቻቱ ዳር ሰፈር ሰው በሠንጠረዥ ጥግ በጥግ።
የ"ሐ"ን ልጅ "መ" አግብቷታል፤ "ሀ" የ"ለ" ታላቅ እኅት ናት፤
"ሠ" ልጅ የላትም፣ ባል የላትም፤ ወንዙ ዳር አንድ ክፍል አላት።

ለዶቃ ይህ ሁሉ ማዕረግ፣ ለሰው ግን አንዲት ፊደል!
ብዬ በሆዴ ፈርጄ የቀኙን ልገዛው ስል፣
የግራው ከእጄ ተከፈተ፤ ገጾቹ ተጣብቀዋል፣
ከመቶ ምናምን ጀምሮ ቡናማ መስመር ይዘዋል።
በጥፍሬ ጫር አደረግሁት፤ ዱቄት ሆኖ ረገፈ፤
ልም አሸዋ። ከአንድ የክረምት ሌሊት የተረፈ።

"የደቻቱ ነው" አለ ሮብሌ፣ ቀና ሳይል ከሚዛኑ፤
"በዘጠና ስምንቱ ጎርፍ ከነሳጥኑ ሄዶ፣ ተገኘ በሦስተኛው ቀኑ።"

ከዚያ ጣቱን ሰደደና በሰፈሩ ንድፍ ላይ ሄደ፤
ከካሬ ወደ ካሬ፣ እንደ እግረኛ ተራመደ።
"ይሄ ቤት የለም። ይሄም የለም። እዚህ ጋ ዳቦ ቤት ነበረ።
'ሠ' ያላት ዳሃቦ ናት፤ ሳምቡሳ ሻጯ። አሥር ብሯ እኔ ጋ ቀረ።"

ባጃጅ አለፈ። ኒሙ ላይ ቁራ ጮኸ። ዝም አልን።
ዶቃዋስ የማን አንገት ላይ ነበረች?
ያን የሚነግር ሮብሌ አጣን።

የግራውን ሚዛን ላይ ጣለው፤ መርፌዋን አየት አደረገና፣
"ደለሉን አላስከፍልህም" አለ፣ ሃያ ብር ቀነሰና።

ቤቴ ነው አሁን። ከመቶ አሥራ ሁለት እስከ መቶ ሠላሳ አልተላቀቀም፤
ቢላ አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ፤ እጄ አልደፈረም።
የቀኙንም፣ እውነት ለመናገር፣
ልቤ ገና አልተወውም።