ልብሱ በሰበሰ

ጋሽ ምንይችል ናቸው ካርቶኑን የሰጡን፣
«ዶሮ ልታረቡ ነው?» ብለው የጠየቁን።
የእንቁላል ማስቀመጫ፣ አርባ ሁለት ሙሉ፤
«ድምፅ ነው የምናረባው» አለ ይዘንጋው እንዳመሉ።

ከሽምብጥ መታጠፊያ፣ ከዋርካው በስተጓሮ፣
ክፍሏ ስድስት እርምጃ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ።
ምስማር መታንበት፣ ጭቃው እምቢ አለን፤
በማስቲሽ ለጠፍነው፣ ሽታው ራስ አዞረን።
ብርድ ልብስ በመስኮት፣ ፎጣ በበሩ ሥር፤
ግንቦት ነው፤ እንደ ዳቦ ስንጋገር።
ስልኬ ነው መቅረጫው፤ መስታወቱ ተሰንጥቋል፤
«ፐ» ያለበት ቃል ሲሰማ ስለሚሳቀቅ፣ ካልሲ ለብሷል።

አምስቴ ጀመርን።
አንደኛው ላይ ባጃጅ፣ ሁለተኛው ላይ አውራ ዶሮ፣
ሦስተኛውን መብራት ወሰደው፣ አራተኛውን የኔ ጉሮሮ።
አምስተኛው ላይ ነው ከጣና በኩል ደመና የመጣው፣
ዘፈኑ እያማረ፣ ይዘንጋው ክራሩን እንደ ጉድ ሲመታው፤
ሊያልቅ ሁለት ስንኝ ሲቀር፣
የእህቴ የጥሩዓለም ድምፅ ከጓሮ ገባ፣ እንደ ጠጠር፦
«ኧረ ልብሱ በሰበሰ!»
ወዲያው ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ደረሰ።

ይዘንጋው አንገቱን ደፋ። እኔ ሳቅኩ። እሷ ሮጠች።
ዘፈኗም እንዳለች፣ ከነጩኸቷ ከነዝናቧ ቀረች።
ላጠራት ሞከርኩ፤ ጩኸቱን ስቆርጥ ክራሩ አብሮ ተቆረጠ፤
ዝናቡን ስቀንስ ድምፄ የሌላ ሰው ሆነ፣ ተለወጠ።
ተውኳት።

ለአንሙት በብሉቱዝ፤ አንሙት ለጀልባ ነጂ ወንድሙ፤
ከዘጌ ደቅ፣
በማን ሚሞሪ፣ በማን ኪስ፣ ሳይታወቅ።
ስም አልጻፍንባትም፤ ለስም የምትበቃ አልመሰለችንም።

በዓመቱ ይዘንጋው ክራሩን ሰቅሎ ለሥራ ሞጣ ገባ፤
ክፍሏን ነጋዴ ያዛት፤ ድምፅ ልናረባ ባልንበት ሽንኩርት ረባ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከአባይ ማዶ ስመለስ በባጃጅ፣
ሹፌሩ ከፈተው — ጢም ያላወጣ ልጅ።
ክራሩን አወቅሁት፤ ቀጥሎ የራሴን ጉሮሮ፤
ድልድዩ ላይ ነን፣ ሰው ጉማሬ ሊያይ ተደርድሮ።
«ማነው ዘፋኙ?» አልኩት። «እኔ እንጃ፤ የድሮ ነው መሰለኝ፤
አያምርም፣ አይከፋም፤ ግን ቆይ፣ እቺን ስማልኝ።»
በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በአንዱ ድምፁን ጨመረ፤
ባጃጇን ጥግ አስይዞ መጠበቅ ጀመረ።

«ኧረ ልብሱ በሰበሰ!»

ሳቀ። ስንት ጊዜ እንደሰማው እንጃ፤ ሳቁ ግን አዲስ ነው።
«ለዚች ስል እኮ ነው» አለኝ፣ «ዘፋኙንማ የምታገሰው።»

ሂሳቡን ከፈልኩት፤ ወረድኩኝ፣ ስሜን ሳላወጣ።
ሞጣ ደወልኩ፤ ይዘንጋው አያነሳም፤ እንደ ስሙ።
ለጥሩዓለም ደወልኩ።
«ኋላ» አለች፣ «ደመና ነው፤ ልብስ አለኝ የተሰጣ።»